አንተ የምንለው ቢን፣ አንቱ የሚባሉት አትኪንሰን፦ የሞት ወሬው ለምን ይመላለሳል?

«ሚስተር ቢን ዐረፈ» የሚል ጽሑፍ፣ ከጥቁር ሪባንና ከበራ ሻማ ጋር፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ሲዞር ያላየ የጎንደር ወጣት ጥቂት ነው። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» የሚሉ አስተያየቶች ይደረደራሉ። በማግሥቱ አንድ ሰው «ውሸት ነው» ይላል፣ ጽሑፉ ይረሳል፣ ወራት ቆይቶ ደግሞ እንደ ትኩስ ዜና ይመለሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 ወዲህ ወሬው መልኩን እየለዋወጠ ደጋግሞ መጥቷል። በተለይ በ2017 እና በ2018 ብዙ አገር አዳርሷል። ሁልጊዜም ሐሰት ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሐሰት ነው» ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም። ደጋግሞ የተጋለጠ ወሬ አሁንም የሚያምነው ካገኘ፣ እንዲታመን የሚያደርገው ነገር አለ ማለት ነው። ምክንያቱን ከሰውየው ሥራ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ቢንን የማያውቅ አገር የለም ማለት ይቻላል፤ ቢንን የሚጫወቱትን እንግሊዛዊ ተዋናይ ሮዋን አትኪንሰንን ግን በስማቸው የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቀልዱ ድንበር የተሻገረው በዚህ ክፍተት ነው፤ ወሬውም የሚገባው በዚሁ ነው።

ፊቱ አንድ፣ ሰዎቹ ሁለት

ሁለቱን ለመለየት አማርኛ የሚያግዝ ሰዋስው አለው። ፒያሳ ቡና ላይ ስለ ቢን ሲነሣ ሁሉም «እሱ» ነው የሚለው። ሕፃኑም ሽማግሌውም «አየኸው ምን እንዳደረገ!» ይላሉ እንጂ «አዩዋቸው» አይሉም። ቢን ጎረምሳም አዛውንትም አይደለም፤ ዕድሜ የለውም፤ ስለዚህ ማንም አንቱ አይለውም።

ሮዋን አትኪንሰን ግን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ በገና ዋዜማ፣ የተወለዱ፣ ሰባ ዓመት የዘለሉ፣ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ሰው ናቸው። ጎንደር ቢመጡ አንቱ ተብለው፣ ከፍ ካለው መቀመጫ ተቀምጠው ነው ቡና የሚጠጡት። በዚህ ጽሑፍም ገጸ ባሕርዩን «እሱ»፣ ተዋናዩን «እሳቸው» እንላለን።

የገበሬው ልጅ መሐንዲስ

አትኪንሰን የተወለዱት በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ደርሃም አውራጃ፣ ኮንሴት በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው ገበሬ ነበሩ። በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ምህንድስና ተምረው በ1975 ወደ ኦክስፎርድ፣ ኲንስ ኮሌጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ሄዱ። የጥናታቸው ርእስ ራሱን በራሱ እያስተካከለ የሚሠራ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ነበር። እዚያው ኦክስፎርድ ከጸሐፊው ሪቻርድ ከርቲስና ከሙዚቃ ደራሲው ሃዋርድ ጉዳል ጋር ተገናኙ። ሁለቱም ኋላ የቢን ቡድን አባላት ሆነዋል።

ምህንድስናውን ማንሣታችን ለሕይወት ታሪክ ማሟያ አይደለም። የቢን ቀልዶች እንደ ማሽን የተገጣጠሙ ናቸው፤ አንድ ብሎን ቢጎድል አይዞሩም። ይህን ወደ ኋላ በዝርዝር እናያለን።

ቢን ከመምጣቱ በፊት አትኪንሰን በአገራቸው የታወቁት በቃል ነው። ከ1979 እስከ 1982 በቢቢሲ በተላለፈው፣ በዜና በሚያሾፍ ዝግጅት ስም አወጡ። ከ1983 እስከ 1989 ደግሞ «ብላክአደር» በተባለ ተከታታይ በአራት የተለያዩ የእንግሊዝ ዘመናት የሚኖር አንደበተ ስለታም ሰው ሆነው ተጫወቱ። ያ ሥራ ለእንግሊዞች እስከ ዛሬ ተወዳጅ ነው። የእንግሊዝን ታሪክ ለማያውቅና ስላቃቸውን በጆሮው ለማይለይ ተመልካች ግን በትርጉም ጽሑፍም ቢሆን ግማሹ ይፈስሳል። ጎንደር ውስጥ ቢንን የሚያውቅ ሁሉ ብላክአደርን አለማወቁም ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ መንተባተቡ የሚነገረውና እውነቱ

በማኅበራዊ ሚዲያ ከሞት ወሬው ባልተናነሰ የሚዞር ሌላ ጽሑፍ አለ። «ንግግር ስለሚያስቸግረው ሁሉም ናቀው፤ ስለዚህ ሳይናገር ማሳቅ ጀመረና ዓለምን አሸነፈ» ይላል። ተስፋ ለመስጠት ታስቦ ነው የሚጻፈው፤ ሐሳቡም ደግ ነው። ነገር ግን ሁለት እውነቶችን አጣብቆ ሦስተኛ ውሸት ይወልዳል።

አትኪንሰን በእርግጥ ይንተባተባሉ። በተለይ በእንግሊዝኛው የ«ብ» ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት ያስቸግሯቸዋል። ነገር ግን በጥያቄና መልስ ላይ የሚይዛቸው መንተባተብ ሌላ ሰው ሆነው ሲጫወቱ ይቀልላቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ይጠፋል። ያን አስቸጋሪ ድምፅ ለማለፍ ሲሉ ያዳበሩት፣ ፊደሉን ከንፈር ላይ አቆይቶ እንደ ጥይት የመልቀቅ ዘዴ ራሱ የብላክአደር መለያ ሆነ። «ቦብ» የምትለዋን አጭር ስም እንዴት እንደሚጠሯት የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። ቢን ዝም ያለው እንግዲህ ተዋናዩ መናገር አቅቷቸው አይደለም። ለዓመታት በንግግር አሳቀው፣ በንግግር ተሸልመው ከኖሩ በኋላ ዝምታን መረጡ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ለሚንተባተብ ልጅም ቢሆን «ዝም ብትል ይሻልሃል» ከሚል ታሪክ እውነተኛው ታሪክ ይበጀዋል።

ሞንትሪያል፣ 1987፦ ቋንቋ የማይገባው ተመልካች

የቢን ጥንስስ የኦክስፎርድ የተማሪነት ዘመን ነው። ስሙ ግን እስከ መጨረሻው አልተቆረጠም ነበር፤ አበባ ጎመንን ጨምሮ የሌሎች አትክልቶች ስም ታስቦለት ነበር። በመጨረሻ «ቢን» ጸና፤ ባቄላ ማለት ነው።

ወሳኙ ፈተና የተደረገው በ1987 በካናዳዋ ሞንትሪያል የቀልድ ፌስቲቫል ላይ ነው። ፌስቲቫሉ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ዝግጅቶች ነበሩት። አትኪንሰን ገጸ ባሕርዩን በፈረንሳይኛው ዝግጅት ላይ እንዲያቀርቡ ጠየቁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተመልካች ቢስቅ፣ የሳቀው በዝናቸው ይሁን በሥራው አይለይም። ቋንቋቸውን የማይከተል፣ ስማቸውን የማያውቅ አዳራሽ ከሳቀ ግን ቀልዱ ብቻውን ቆሟል። ይህ የመሐንዲስ ሙከራ ነው፤ አንዱን ነገር ለመለካት ሌላውን ማስወገድ። አዳራሹም ሳቀ።

የመጀመሪያው ክፍል በብሪታንያው አይቲቪ ጣቢያ የተላለፈው ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ነው። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ሞንትሩ የሚሰጠውን የወርቅ ጽጌረዳ ሽልማት አገኘ። እስከ 1995 ድረስ የተሠሩት ክፍሎች 15 ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ግድም ነው። ሁሉም ተደምሮ ስድስት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ዓለም ሠላሳ ዓመት አልፎትም የሚያየው ይህችኑ የአንድ ከሰዓት በኋላ ቁሳቁስ ነው። በአገሩ አንዱ ክፍል ብቻ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቶታል። በ1997 የወጣው ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ አስገባ። ከ2002 ጀምሮ በካርቱን መጣ፤ በ2007 ሁለተኛው ፊልም ተከተለ።

ወደ ጎንደር የመጣበት መንገድ ከዚህ ዝምታ ጋር የተያያዘ ነው። ትርጉም አይፈልግም። ቪዲዮ ቤት ዘመን በካሴት፣ ቀጥሎ በሲዲ፣ ከዚያ በፍላሽና በስልክ ሚሞሪ እየተጫነ ሲዞር የጫነው ልጅም የሚያየው ሰውም ቋንቋ መጠየቅ አላስፈለገውም። አገር አቋራጭ አውቶቡስን ብቻ ብንወስድ ነገሩ ይገባናል። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ መኪና ውስጥ ቄስ፣ ሼህ፣ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ሕፃን ያቀፈች እናት አሉ። የሞተሩ ጩኸት ንግግር ያፍናል። የውጭ ፊልም ቢከፈት ድንገት የሚያሳፍር ነገር ብቅ ይልና ረዳቱ እየተሯሯጠ ያጠፋዋል። ቢን ሲከፈት ግን የኋላው ወንበር ድረስ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ አብሮ ይስቃል።

የአንድ ቀልድ አሠራር

ይህ ዓይነቱ ሥራ በባለሙያዎች አነጋገር «ፊዚካል ኮሜዲ» ይባላል፤ የአካል ቀልድ ልንለው እንችላለን። ብዙ ሰው «ፊቱን ስለሚያጣምም ነው የሚያስቀው» ይላል። ፊት ማጣመም ብቻውን የሚያስቀው ሁለት ደቂቃ ነው። ከሥር ያለውን አሠራር ለማየት የመጀመሪያውን ክፍል የፈተና ትዕይንት እንመልከት። ዩኒቨርሲቲ ለገባም፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተፈተነም ሰው የሚገባው ነው።

ቢን እስክሪብቶውን ደርድሮ፣ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ይቀመጣል። ከጎኑ ያለው ተማሪ ካልኩለስ ማጥናቱን ሲነግረው ይደነግጣል፤ እሱ ያጠናው ትሪጎኖሜትሪ ነው። ፖስታውን ከፍቶ ነጩን ወረቀት ያወጣል፤ ካልኩለስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ነገር ለማድረግ የሚደረግ ትግል ነው፦ ከጎረቤቱ መኮረጅ። አንገት ይሰግጋል፣ ወንበር ይጠጋል፣ ወረቀቱን በትንፋሹ ሊገልጥ ይሞክራል። መጨረሻ ላይ ፈታኙ ካልኩለስ የሠሩና ትሪጎኖሜትሪ የሠሩ ወረቀታቸውን ለየብቻ እንዲያስረክቡ ያዝዛል። ቢን ወደ ፖስታው ሲመለስ ሌላው ወረቀት፣ ያጠናው ትሪጎኖሜትሪ፣ እስከዚያች ሰዓት እዚያው ውስጥ ነበር።

ክፍሎቹን እንነጣጥላቸው። ፍላጎቱ ትንሽና ግልጽ ነው፤ ማንም በሦስት ሰከንድ ይረዳዋል። ቦታው ጥብቅ ደንብ ያለበት ነው፤ ዝምታ ግድ ነው፤ ተቆጣጣሪ አለ። በባዶ ክፍል ውስጥ መኮረጅ አያስቅም። ሙከራዎቹ ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ካለፈው የባሰ አደጋ አለው። መዝጊያው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይናችን ሥር ነበር፤ ፖስታውን ሲከፍት እኛም አብረን አይተናል። ድንገት ከሰማይ የወረደ መዝጊያ ተመልካቹን ያታልለዋል፤ ቀድሞ የተቀበረ መዝጊያ ግን «ለካ!» ያሰኘዋል። ሳቁ ያለው እዚያ «ለካ» ውስጥ ነው።

ሌላው ክፍል ዕቃ ነው። መናፈሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች የሚሠራበትን ትዕይንት ያየ ያስታውሳል። ዳቦውን በመቀስ ይቆርጣል፣ ቅቤውን በባንክ ካርድ ይቀባል፣ ሰላጣውን አጥቦ ካልሲው ውስጥ ከትቶ እያወዛወዘ ያደርቃል፣ ቁንዶ በርበሬውን በጫማው ይወቅጣል። አንዱም ዕቃ ለተሠራበት ሥራ አልዋለም። ነገር ግን ሁሉም በትክክል ይሠራል! ካልሲ በእርግጥ ውኃ ያንጠፈጥፋል፤ ካርድ በእርግጥ ቅቤ ይቀባል። ቢንን ቂል የሚለው ሰው የሚስተው ይህን ነው። እሱ አስቦ፣ መላ መትቶ፣ ትክክለኛ ስሌት ሠርቶ ነው ችግር ውስጥ የሚገባው። በ1994 ክፍል ላይ ቤቱን ለመቀባት ዕቃውን ሁሉ በጋዜጣ ይጠቀልላል፤ ወይን ፍሬዎችን እንኳ አንድ በአንድ። ከዚያ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ርችት ተክሎ ለኩሶ ይወጣል። ዕቅዱ እንከን የለውም፤ ባርኔጣውን ረስቶ የተመለሰው እንግዳ ባይገባ ኖሮ። ቢን ሲመለስ ግድግዳው ተቀብቷል፤ ባርኔጣ ሊያነሣ እጁን የዘረጋ ሰው ቅርጽ ብቻ ሳይቀባ ቀርቷል። ፍንዳታው አይታይም፤ ሰውየውም አይታይም። ሁለቱንም የሚያያቸው የተመልካቹ አእምሮ ነው።

ፊቱስ? ፊቱ የሚሠራው በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ነው። ሐሳብ ሲመጣለት፣ ሲፈራ፣ ሲወስን እናያለን። ማለትም ፊቱ እንደ ንግግር ሆኖ ያገለግላል፤ እያንዳንዱ መላ ከመደረጉ አንድ ሰከንድ በፊት ይነግረናል። ያቺ ሰከንድ ብትቆረጥ ቀሪው ተራ መውደቅና መነሣት ይሆናል።

ጥሬው ሥጋ ጎንደር ሲደርስ

ቀልዱ ድንበር ሲሻገር ምን ይጎድላል፣ ምን ይተርፋል ለሚለው ጥያቄ ከምግብ ቤቱ ትዕይንት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቢን ልደቱን ብቻውን ሊያከብር ምግብ ቤት ይገባል። ካርድ ራሱ ለራሱ ጽፎ፣ ያላየ መስሎ ይከፍታል። ገንዘቡን ቆጥሮ የሚመጥነውን ያዝዛል። የሚመጣለት የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ነው። እንግሊዛዊ ተመልካች ገና ሳህኑ ሲቀርብ ይስቃል፤ ጥሬ ሥጋ ለብዙዎቹ የሚዘገንን ነገር ነው። ቢንም ሊውጠው አልቻለም።

ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ ጥሬውን በሚጥሚጣ ለሚያነሣ ጎንደሬ ግን እዚህ ላይ ሳቅ የለም። የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ምን ሆኖ ነው የማይበላው?» አስተናጋጁን «ሚጥሚጣ አምጣለት» የሚል ተመልካችም አይታጣም። በስሌት ከሄድን ቀልዱ እዚህ መሞት ነበረበት። ግን አይሞትም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቢን ሥጋውን ሰናፍጭ ዕቃ ውስጥ፣ ዳቦ ውስጥ፣ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ፣ የጎረቤት ሴት ቦርሳ ውስጥ ሲደብቅ ጎንደርም እንደ ለንደን ይስቃል። ለጎንደሬው ጥሬ ሥጋው አይዘገንንም፤ ሰው ቤት የማይወዱት ነገር ቀርቦላቸው፣ ባለቤቷ «በሞቴ» እያለች ስትቆም የሚሆኑትን መሆን ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ጉርሻ እምቢ በማይባልበት አገር ያን ጭንቀት ማስረዳት አያሻም። አስተናጋጁ ተደናቅፎ ሲወድቅ ቢን የተደበቀውን ሁሉ በእሱ አሳብቦ ይገላገላል። ይቅርታ ጠይቀው ሌላ ጠረጴዛ ሰጥተው የሚያመጡለት አዲስ ሳህን ሌላ ጥሬ ሥጋ ነው።

እንግዲህ የሚሻገረው ከዕቃው ሥር ያለው ሀፍረት ነው፤ ዕቃው ራሱ ባህር ማዶ ላይቀልድ ይችላል። ቢን የሚገባባቸው ችግሮች በሙሉ የሀፍረት ችግሮች ናቸው፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንቅልፍ ማንጎላጀት፣ መዝሙሩን ሳያውቁ አብሮ መዘመር፣ ሰው ፊት ልብስ መቀየር።

ከቃል አገር የሚነሣ ክርክር

ጎንደር የቃል አገር ናት። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ የተመልካቹን ስም ጠይቆ ወዲያው ግጥም ይገጥምለታል፤ ሰሙ ሙገሳ፣ ወርቁ ወቀሳ ይሆናል። በዚህ ያደገ ጆሮ ያለው ሰው «ዝም ብሎ መንፈራገጥ ምን ጥበብ አለው?» ቢል አይፈረድበትም። ክርክሩ ቦታ አለው። የቃል ቀልድ ሥልጣን ያለውን ሰው ፊት ለፊት ይነካል፤ የአገሩን ጉዳይ ይነካል። ቢን ከማንም ባለሥልጣን ጋር አይጣላም፤ ስለ ምንም ጉዳይ አቋም የለውም። ብላክአደር ስለ ጦርነት የሚያመው ነገር ተናግሯል፤ ቢን ስለ ጦርነት ምንም አይልም። ለዓለም ሁሉ የሚሆን ቀልድ ለማንም በተለይ አይሆንም የሚሉ ሰዎች ይህን ነው የሚያነሡት።

ሆኖም ቃልና አካል እንደሚታሰበው የተራራቁ አይደሉም። የፎገራው አለቃ ገብረ ሀና በቀልዳቸው ብቻ ይነሣሉ፤ ስማቸው ሲጠራ የማይስቅ የለም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን የሚያስቧቸው በአቋቋም ነው። በልጃቸው ስም «የተክሌ» የሚባለው የዝማሜ ስልት የእሳቸው ፈጠራ ነው፤ የጣናን ማዕበልና የደንገሉን መወዛወዝ አይተው እንዳወጡት ይተረካል። አገሩ ካፈራቸው የቃል ሰዎች የመጀመሪያው የአካል እንቅስቃሴንም የተራቀቁበት ሊቅ ነበሩ ማለት ነው።

በሌላ በኩል፣ ዝምተኛው ቢንም ሰምና ወርቅ አለው። በየክፍሉ መግቢያ ላይ ከጨለማ በብርሃን ታጅቦ ከላይ ዱብ ሲል የሚሰማው የመዘምራን ዜማ በላቲን «ኤኬ ሆሞ ኲ ኤስት ፋባ» ይላል። «እነሆ ባቄላ የሆነው ሰው» እንደማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ጲላጦስ «እነሆ ሰውየው» ያለባቸው ናቸው። ሃዋርድ ጉዳል የቤተ ክርስቲያን ዜማ አስመስለው የሠሩት፣ ታላቅ ነገር የሚመጣ አስመስሎ ባቄላ የሚጥል ቅኔ ነው።

ሁለተኛ ክርክር አለ፤ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቢን የአእምሮ እክል ያለበት ሰው ነው፤ ስለዚህ በሕመምተኛ ላይ እየሳቅን ነው የሚሉ አሉ። አትኪንሰን ገጸ ባሕርዩን የሚያስረዱት በአዋቂ ገላ ውስጥ ያለ ሕፃን አድርገው ነው። እኛም ማስረጃው ወደዚያ የሚያደላ ይመስለናል፦ ራስ ወዳድነቱ፣ ተንኮሉ፣ በአሻንጉሊቱ መጽናናቱ፣ በሰማያዊዋ ባለ ሦስት ጎማ መኪና ላይ ያለው ቂም የስድስት ዓመት ልጅ ጠባይ ናቸው። ተበዳዩም ብዙ ጊዜ ሌላው ሰው ነው፤ እሱ ያመልጣል። ሥጋቱ እውነተኛ የሚሆነው ቀልዱ ሲኮረጅ ነው፤ አስመሳዩ ሕፃንነቱን ትቶ የአካል ጉዳተኛን አረማመድና አነጋገር ሲቀዳ። ያ ሌላ ነገር ነው፤ ቢን ውስጥም የለም።

የሞት ወሬው እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ወሬው የሚቆመው በአራት እንጨት ነው።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። እኛ በየቀኑ የምናየው ፊት በ1990 እና በ1995 መካከል የተቀረጸ፣ ከ35 እስከ 40 ዓመት ያለ ሰው ፊት ነው። ድንገት የሰባ ዓመቱ አትኪንሰን ፎቶ ሲለጠፍ ተመልካቹ ያላየው ሠላሳ ዓመት በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። «ምን ነካው? ታሞ ነው» ይላል። በ2024 አልጋ ላይ የተኛ፣ የከሳ አዛውንት ምስል «ሚስተር ቢን በሞት አፋፍ» ተብሎ በዓለም ዙሪያ ዞረ። ምስሉ የሌላ ታማሚ ፎቶ ላይ የአትኪንሰን ፊት ተለጥፎበት የተሠራ ነበር።

ሁለተኛው፣ ተዋናዩ ገለልተኛ ሰው ናቸው። በየዕለቱ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ሞተ ቢባል ገጹን ከፍቶ ማየት ይቻላል። በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙም የማይታይ ሰው ግን ወሬውን በራሱ ቃል ወዲያው አያስተባብልም።

ሦስተኛው የእውነት ቅንጣት ነው። በ2017 የዞረው ወሬ በመኪና አደጋ ሞተ ይል ነበር። አትኪንሰን የእሽቅድምድም መኪና ወዳጅ ናቸው፤ በ2011 ማክላረን መኪናቸው ተጋጭቶ ትከሻቸው ላይ ተጎድተዋል። በ2001 ደግሞ ከቤተሰባቸው ጋር በኬንያ ሰማይ ላይ እየበረሩ ሳለ የትንሿ አውሮፕላን አብራሪ ራሱን ሲስት፣ አብራሪው እስኪነቃ ድረስ መሪውን ይዘው አቆይተዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ላለው ሰው «አደጋ ደረሰበት» ማለት ሩቅ አይመስልም።

አራተኛው ገንዘብ ነው፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህን ነው። በ2018 የተሰራጨው ልጥፍ የአንድ ታዋቂ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ አርማ ተለጥፎበት «ቪዲዮውን ይመልከቱ» የሚል ማስፈንጠሪያ ነበረው። የተጫነው ሰው ቪዲዮ አያገኝም። «ኮምፒውተርዎ ተቆልፏል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ማስፈራሪያ ይመጣል፤ ደዋዩ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠየቃል። ይህ «ፊሺንግ» ይባላል፤ በማባበያ ማጥመድ። ማባበያው የቢን ሞት ነው፤ ሁሉም የሚወደውና ማንም በቅርብ የማያውቀው ሰው ከመሆኑ የተሻለ ማባበያ አይገኝም።

እንዲህ ያለ ልጥፍ ሲመጣ የሚደረገው ብዙ አይደለም። በቅድሚያ ጽሑፉ የተዋናዩን ሙሉ ስም፣ የሞቱበትን ቀንና ቦታ፣ ዜናውን የነገረውን አካል (ቤተሰብ ወይም ወኪል) መያዙን ማየት ነው። «ሚስተር ቢን» ብቻ ካለና ቀን ከሌለው ተጠራጠሩ። ምስሉ ላይ ያለ አርማ ማስረጃ አይደለም፤ ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ወደ ጣቢያው የራሱ ገጽ፣ ለምሳሌ ወደ ቢቢሲ አማርኛ፣ በራስ ሄዶ መፈለግ ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ዜና እውነት ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ በሁሉም ጣቢያ ይገኛል። ፎቶውን ጎግል ሌንስ ላይ ቢያስገቡት ብዙ ጊዜ ዋናው ምንጭ ይወጣል። ማስፈንጠሪያው የፌስቡክ የይለፍ ቃል ደግመው እንዲያስገቡ ከጠየቀ ገጹን ይዝጉ። አስገብተው ከሆነ ደግሞ ወዲያው የይለፍ ቃሉን መቀየር፣ በቅንብር ውስጥ ከሌሎች ስልኮች ሁሉ መውጣት፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መክፈት ነው። ይህ ካልተደረገ በማግሥቱ ያው ልጥፍ በእርስዎ ስም ለጓደኞችዎ ይደርሳል፤ ወሬው ከሰው ወደ ሰው ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው።

በስልክ ለሚቀርጹ ወጣቶች የሚተርፈው

ጎንደር ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ በቲክቶክና በዩቲዩብ ያለ ንግግር ቀልድ የሚሞክሩ ወጣቶች በርክተዋል። የቢንን ቁራጭ ገልብጦ መልቀቅ ሩቅ አያደርስም። ዩቲዩብ «ኮንቴንት አይዲ» በሚባል ሥርዓት የተጫነውን ቪዲዮ ከባለመብቱ ሥራ ጋር በራሱ ያመሳክራል፤ ቪዲዮው ይታገዳል፣ ወይም ገቢው ለባለመብቱ ይሄዳል። የሌላን ሰው ሥራ በመደጋገም የተገነባ ገጽ ሺህ ተከታይ ቢያፈራም ለገቢ ሲያመለክት ይጣላል።

ራሳቸው የሚሠሩትን በተመለከተ፣ ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ካሜራውን ፊት ላይ መለጠፍ ነው። የአካል ቀልድ እጅንና ዕቃውን ከፊቱ ጋር በአንድ ፍሬም ይፈልጋል፤ ሰላጣው ካልሲ ውስጥ ሲገባ ፊቱም እጁም መታየት አለበት። ሁለተኛው ስሕተት በየሰከንዱ መቁረጥና የሳቅ ድምፅ መደርደር ነው፤ ውሳኔው ፊት ላይ የምትታይባት ሰከንድ በዚያ ትጠፋለች። ሦስተኛው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ፍላጎት ማስገባት ነው፤ አንዷን ፍላጎት በሦስት እየባሱ በሚሄዱ ሙከራዎች መያዝ ይበጃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቢንን ከ«ፕራንክ» ማምታታት ነው። ቢን የሚያናድዳቸው ሰዎች ሁሉ ተዋንያን ናቸው፤ ተስማምተው፣ ተለማምደው፣ ተከፍሏቸው ነው የተናደዱት። አራዳ ገበያ ላይ እቃ ተሸክማ የምትሄድ እናትን አስደንግጦ መቅረጽ ከዚህ ሥራ ጋር አንድም ዝምድና የለውም፤ ቅዳሴ ላይ ገብቶ መቅረጽም እንዲሁ። እንደዚያ ያለ ትዕይንት የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው ይሠራል፣ ሰዎቹ ይመደባሉ።

አትኪንሰንና ጸሐፊዎቻቸው 15 ክፍል ለመሥራት ከአምስት ዓመት በላይ እንደወሰደባቸው ማስታወስም ደግ ነው። በቀን አንድ ቪዲዮ ከሚጠይቅ መድረክ ጋር ይህ ፍጥነት አይስማማም፤ በሳምንት አንድ፣ ግን አምስት ጊዜ ተለማምዶ የተቀረጸ ሥራ መልቀቅ ግን ከስልክ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ሞንትሪያል ላይ የተደረገውን ሙከራ ማድረግም ወጪ የለውም። ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት ድምፁን አጥፍቶ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ማሳየት ነው፤ ፋሲል ግቢን ሊጎበኝ ለመጣ እንግዳ፣ ቲክቶክ ከፍተው ለማያውቁ አያት። ከጎን ሆኖ ስልኩን ሳይሆን የሰውየውን ፊት መመልከት፣ የሳቀበትን ሰከንድ መጻፍ፣ መሳቅ ሲገባው ግንባሩን የቋጠረበትንም መጻፍ፣ ከዚያ ያን ቦታ እንደገና መቅረጽ ነው።